የዘገየ ቅጂና የተለያየ ቅጂ

የዛሬው ንግግሬ በመረጃ ቋት ሰርቨሮች መካከል ስለሚፈጠረው የቅጂ መዘግየት ነው። ምሳሌዎቼን ከሐይቅና ከአምባሰል ወስጃለሁ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በትርፍ ገጾቹ ላይ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝርና ልዩ ልዩ ማስታወሻዎችን ይዟል። አንድ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገልብጦ በማግስቱ በዋናው ላይ አዲስ ማስታወሻ ቢጨመር፣ ቅጂው ወደ ኋላ ቀረ እንጂ አልተሳሳተም።

ሰርቨሮችም እንዲሁ ናቸው። ዋናው እያንዳንዱን ለውጥ በተራ ይመዘግባል፤ ቅጂው መዝገቡን ተቀብሎ በራሱ ላይ ይፈጽማል። ብዙዎች ርቀትን ይወቅሳሉ። ይሁንና ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ ሐይቅ ለመድረስ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። የደቂቃዎች መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዋናው ላይ ብዙዎች በአንድ ጊዜ የጻፉትን ቅጂው በአንድ ሰልፍ ሲፈጽም ነው። በማይኤስኪውኤል የሚታየው የተለመደው የመዘግየት ቁጥር ደግሞ የሚለካው የደረሰውን መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲንቀራፈፍ 0 እያሳየ ያታልላል።

በሐይቅ ገበያ ያለች ነጋዴ በስልኳ ገንዘብ ልካ ወዲያው ሂሳቧን ብትመለከትና መልሱ ከዘገየ ቅጂ ቢመጣ፣ አልተላከም ብላ ትደግመዋለች። ስለዚህ ሰው ራሱ የጻፈውን ሲያነብ ከዋናው ሊነበብለት ይገባል፤ ለወርኃዊ ሪፖርት ቅጂው ይበቃል።

ከዚህ የሚከፋ አለ። በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል የሚል ሲሆን፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። እነዚህን ሁለት ቅጂዎች መጠበቅ አያስታርቃቸውም።

መዘግየትም ወደዚህ ሊያደርስ ይችላል። ዋናው ሰርቨር ወድቆ የዘገየው ቅጂ በቦታው ቢሾም፣ ያልደረሱት ክፍያዎች ይጎድላሉ፤ የቀድሞው ሲነሣ የማይስማሙ ሁለት መዝገቦች ይገጥሙናል። መከላከያው ቢያንስ አንድ ቅጂ መዝገቡን መቀበሉን ሳያረጋግጥ ለደንበኛው «ተፈጽሟል» አለማለት ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ እያንዳንዱ ጽሕፈት መልስ ይጠብቃል፣ ቅጂው ከጠፋም ሥራው ሊቆም ይችላል። እኔ ለባንክ ሂሳብ ይህን ዋጋ እከፍላለሁ፤ ለዜና ገጽ አንባብያን ቆጠራ ግን አልከፍልም።