በጋን የሚሻገር አረንጓዴ ግቢ እንዴት ይለማል?

ባሕር ዳር፦ በክረምት አረንጓዴ ያልኾነ ግቢ የለም። ልዩነቱ የሚታየው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ መገርጣት፣ ጥር ላይ አበባው መጠውለግ ይጀምራል። መጋቢት ሲደርስ በብዙ ወጪ የተተከለው ሁሉ የቤተሰቡን ውኃ የሚሻማ ሸክም ይኾናል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ከተሞች ደግሞ ጥያቄው ከውበት ያልፋል፤ የተቀዳው ውኃ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ነው ወይስ ለግቢው ሣር?

የውኃው ስሌት ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር የሣር ምንጣፍ በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ 400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን በየቀኑ ይጠጣል። ስለዚህ ድካምና ወጪ የማይበዛበት ግቢ ለማልማት የመጀመሪያው ርምጃ የሣሩን ስፋት መቀነስ ነው። ሣር ልጆች በሚጫወቱበትና ቤተሰብ በሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ይወሰን። ለዚያም ሰርዶ ተመራጭ ነው፤ በበጋ ቢደርቅም ሥሩ ሳይሞት ቆይቶ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። የተቀረው ቦታ በድንጋይ ንጣፍ፣ በጠጠርና ድርቅን በሚቋቋሙ ተክሎች ሊሸፈን ይችላል።

ለመኾኑ የትኞቹ ተክሎች ይመረጡ? መልሱ እንደየአካባቢው የአየር ንብረት ይለያያል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር አጥርና በረንዳ የሚያደምቀው ቡገንቪላ አንዴ ሥር ከሰደደ ብዙ ውኃ አይፈልግም። በአንጻሩ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጎዳዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ደጋ እንደ ጦስኝና ጽድ ያሉ የአካባቢውን ብርድ የለመዱ ተክሎች የተሻሉ ናቸው። ወይራ በበኩሉ ዕድገቱ አዝጋሚ ቢኾንም ድርቅን ይቋቋማል፤ ለጥላም ለማጠኛም ያገለግላል።

ለአጥር ሰንሰል የታወቀ ነው። ከግንዱ ተቆርጦ ሲተከል ይበቅላል፤ ከብትም ስለማይበላው ጠባቂ አያስፈልገውም። ሬት በሥጋማ ቅጠሉ ውኃ ስለሚያጠራቅም ድንጋያማና ፀሐይ የሚበዛበትን ቦታ ይወዳል። ጠጅ ሣር መሬቱ ዘቅዘቅ ባለበት በኩል በመስመር ቢተከል አፈሩን ይይዛል። ጤና አዳምና ዳማከሴ ደግሞ ከጓሮው እስከ ቡና ረከቦቱና እስከ ቤት ውስጥ መድኃኒቱ የሚዘልቅ ጥቅም አላቸው። አደይ አበባም ዘሩን በራሱ ስለሚያራግፍ በአንድ ጥግ ቢተው በየዓመቱ መስከረምን ያደምቃል።

ከተክሎቹ ምርጫ እኩል አስፈላጊው የክረምቱን ውኃ በግቢው ማስቀረት ነው። በተፋሰስ ልማት ተራራ ላይ የሚሠራው ሥራ በግቢ ውስጥም በትንሹ ይሠራል። በዘቅዛቃ ቦታ ከእያንዳንዱ ተክል ግርጌ በታችኛው በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ቢበጅ ጎርፉ ቆም ብሎ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። ከጣሪያ የሚወርደውም ብዙ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ 1 ሺህ ሊትር ይኾናል። ኾኖም የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ማጠራቀሚያው ምንጊዜም መከደን አለበት።

አፈሩን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል መሸፈን ትነትንም አረምንም ይቀንሳል። ሽፋኑ ግን የተክሉን ግንድ መንካት የለበትም፤ እርጥበቱ ልጡን ያበሰብሰዋልና። ምስጥ በሚበዛበት አካባቢም ከቤቱ ግድግዳ መራቅ ይኖርበታል። ውኃ የሚወዱትን ተክሎች በአንድ በኩል፣ ድርቅ የሚችሉትን በሌላ በኩል መትከልም ብክነትን ያስቀራል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። ቅንጭብና ቁልቋል ያለ ውኃ መቆየት ቢችሉም ነጭ ደማቸው ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሕጻናት ባሉበት ግቢ ባይተከሉ ይመረጣል። እንደ ዋርካና ሾላ ያሉ ሥራቸው የሚስፋፋ ትልልቅ ዛፎች ከቤት መሠረትና ከውኃ መስመር መራቅ አለባቸው። ባሕር ዛፍም ለጠባብ ግቢ አይመከርም፤ በዙሪያው ያሉትን ተክሎች እርጥበት ይሻማልና።

“ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም” የተባለ ተክል ሁሉም ደግሞ ጥሩ ተክል አይደለም። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ ከትውልድ ሥፍራው ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም ላይ የተሰራጨው በአበባው ውበት ምክንያት ነበር። ላንታናም በተመሳሳይ ለአጥርና ለጌጥ የተተከለ ቢኾንም ወፎች ዘሩን እየበተኑ የግጦሽ መሬትን የሚወር አረም ኾኗል። ያለማንም ርዳታ የሚስፋፋ እንግዳ ተክል ከመትከል በፊት ባሕርይውን ከግብርና ባለሙያ ጠይቆ መረዳት ተገቢ ነው።

ድርቅ የሚቋቋም ተክልም ቢኾን ሥሩ ጠልቆ እስኪይዝ ድረስ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት በጋዎች ውኃ ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ፣ በደንብ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ግንቦት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ብስባሽ ማዘጋጀት፣ ዝናቡ ሲጠና በሐምሌ መትከል፣ መስከረም ሳያልቅ አፈሩ እርጥብ እንዳለ በገለባ መሸፈን፤ በዚህ ቅደም ተከተል የተተከለ ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ በጥቂት ጀሪካን ውኃ ለመሻገር የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።