ጨዋታ አፍራሹን ምን እናድርገው?

አንባቢ ሆይ፤ በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ተመድበህ የምትሠራ ከሆነ፣ ቢሮ ከሚዘጋበት ሰዓት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ታውቀዋለህ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከተማው ሁሉ በእሸት ቡናና በጀንፈል ሚዛን ዙሪያ ስለሚሯሯጥ ምሽቱ ሳይታወቅ ያልፋል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ግን ለአንድ ወጣት መምህር ወይም ጸሐፊ የሚቀረው ምርጫ ጥቂት ነው፤ ጫት ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ወይም ከባልንጀሮች ጋር ተሰብስቦ መጫወት። እኔ የመጨረሻውን አጥብቄ እደግፋለሁ። ስለዚህም ጨዋታ የሚያፈርስ ሰው ለብዙዎች ያለቻቸውን አንዲት ማምሻ ይነጥቃቸዋልና፣ ነገሩን በቁም ነገር ልናየው ይገባል።

ጨዋታ ስል ገበጣውን፣ ዳማውንና ካርታውን መርሳቴ አይደለም። ዛሬ የማወራህ ግን ሰው የራሱን ስም ለጊዜው ትቶ ሌላ ሰው ሆኖ ስለሚናገርበት ጨዋታ ነው። በአሜሪካ አገር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርኔሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው በምናብ አገር ይጓዛሉ፤ የሚጠራጠሩበትን ነገር ዳይስ ወርውረው ይቈርጡታል። ጨዋታው በዓለም ላይ እጅግ ተስፋፍቷል። ተጫዋቾቹን ከማንኛውም ዘንዶ ይልቅ ሲያስቸግራቸው የኖረው ግን ከመካከላቸው የሚነሣው ረባሽ ነው።

ይህ ዐይነት ጨዋታ ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ካለ አልስማማም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብለን ያደግን ነን፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን የተቀበለውም ልጅ ከበርጩማው ሳይነሣ ለአንድ አፍታ ባለ አገር ይሆናል። ጅማ ዙሪያ ያደገው ደግሞ ይህንኑ በኦሮምኛ በ«ህቦ» ያውቀዋል። የቀድሞውን የበላ ልበልሃ ሙግት ብታስብም እንደዚሁ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ይቆማሉ፤ አንዱ በማር፣ ሌላው በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሽማግሌ ሳይቀር ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኛል። ያ እውነተኛ ሙግት እንጂ ጨዋታ አልነበረም፤ ነገር ግን ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ መድረክ ከየት ይገኛል?

እኛም ቅዳሜ ማታ በረከቦት ዙሪያ የምናደርገው ይኸንኑ ነው። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ዳኛ ብለን በብጣሽ ወረቀት እንጽፍና ዕጣ እናወጣለን። ነገሩ ከተረት አገር ይመጣል። በአንድ ቅዳሜ ጅብ አህያን ከሰሳት፤ ያበደርኳትን ቁርበት ከለከለችኝ አለ። አህያም ቁርበቱ የእናቷ መሆኑን በመግለጽ ተከራከረች። አህያ የሆነችው በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ጸሐፊ ነበረች፤ ሙግቱንም እንደ ጠበቃ ታቀላጥፈው ነበር። በዚህ ጊዜ ለምስክርነት ዕጣ የወጣለት የሥራ ባልደረባዋ ብድግ አለና፣ «ይህች አህያ ባለፈው ወር በመዝገብ ቤትም ሒሳብ ጎድሎባት ተጠይቃለች» ብሎ መሰከረ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ምርመራውም ገና አላለቀም። ሦስቱ ሳቁ፤ የቀረነው ዝም አልን። እርሷ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ ቶናውን ሳትጠጣ ወጣች። በሚከተሉት ሁለት ቅዳሜዎችም አልመጣችም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ከመካከላችን አንዱ «በሚቀጥለው ጨዋታ ሐሰተኛ ምስክር ነው ብለን እናስቀጣው» አለ። ይህ አሳብ በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾችን ሁሉ የሚፈትን ነው፤ በአሜሪካውያኑም ጨዋታ ተራኪው የረባሹን ጀግና ዘንዶ አስበልቶ ለመገላገል ይከጅላል። ነገር ግን በጨዋታ ውስጥ የተቀጣ ሰው የሚገባው ጨዋታው እንደ ከፋበት ብቻ ነው። ጥፋቱ በሰው ላይ የተሠራ ነውና ንግግሩም ለሰውዬው በእውነተኛ ስሙ ሊደርሰው ይገባል። በሰው ፊት መገሠጽም አልወደድኩትም፤ በጉባኤ የተዋረደ ሰው ቶሎ የሚታየው ጥፋቱ ሳይሆን ውርደቱ ነው።

ስለዚህ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አግኝቼ ሸኘሁት። ብዙ አልተናገርኩም። የተናገረውን ቃል ደግሜ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገርኩት፤ ወደፊት የቢሮ ነገር ወደ ሸንጎው እንደማይገባም አስታወቅሁት። «ጨዋታ እኮ ነው!» አለኝ። ይህች ቃል የጨዋታ አፍራሽ ሁሉ ጋሻ ናት፤ ሁልጊዜም የሚናገራት የመታው እንጂ የተመታው አይደለም። እኔም «ለእርሷ ጨዋታ ነበረን?» ብዬ ጠየቅሁት። እስከ ቤቱ በር መልስ አልሰጠኝም፤ እዚያ ስንደርስ ግን ይቅርታ ልጠይቃት ወይ አለኝ።

እርሷ በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቃት አልፈለገችም፤ ነገሩን ዳግመኛ ማንሣት ይሆናልና። የፈለገችው ሌላ ነው፤ «ሲጀምር ማስቆም የምችልበት መንገድ ቢኖረኝ ኖሮ አልወጣም ነበር» አለች። በውጭ አገር ያሉ ተጫዋቾች ለዚህ በጠረጴዛው መካከል የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ያስቀምጣሉ፤ ነገሩ የከበደው ሰው ካርዱን ሲነካ ለምን ሳይባል ጨዋታው ያንን ያልፈዋል። እኛ ሲኒ አለን። ማንም ሰው ሲኒውን በረከቦቱ ላይ ከደፋ፣ የተነሣው ነገር እዚያው ይቀራል፤ ምክንያት አይጠየቅም። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ረከቦት ዙሪያ በሚነገርበት አገር፣ የሰውን አነጋገር እየቀዳ የሚያሾፍ ሲመጣም ያው የተደፋ ሲኒ ያገለግላል። በሦስተኛው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤ ዕጣዋም ጅብ ሆነ።

ይህን ስል ጨዋታ ሁሉ በዝምታ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሰንጠረዥን ተመልከት። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን እጅግ ይወዱት እንደ ነበር ጽፎልናል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ ፈለጉ፣ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ከተበላ በኋላ ግን ተራ በተራ ነው። አበው ለሁካታው ራሱ ቦታና ወሰን ሰጡት ማለት ነው። እኔም ከዚህ ተምሬ አቦሉ እስኪወርድ ማንም እንደ ፈለገ እንዲያወራ፣ እንዲቀልድ፣ እንዲያቋርጥ እተዋለሁ፤ ሸንጎው የሚሰየመው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገርምህ፣ ከረባሾች ብዙዎቹ በአቦል ጊዜ ጠግበው ይወጣላቸዋል።

ሌላም አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና አጨዋወት ሰፊ ጥናት አውጥተዋል፤ በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ እንደማይበቃ ይታወቃል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን ማሰር ያን ያህል አያስከብርም፤ በፊል ወይም በመደቅ ማሰር ግን ያስመሰግናል። የማሸነፊያው መንገድ ክብር ካለው፣ በጉልበትና በጩኸት የሚያሸንፈው ሰው የሚያገኘው ጭብጨባ ያንሳል። በእኛም ሸንጎ ለረታው ሳይሆን ባላጋራውን ላሳቀው ምስጋና ማቅረብ ከጀመርን ወዲህ ጩኸቱ ረግቧል።

ስለ ቀሩት ረባሾች ብዙ አልልም። በገበጣ ጊዜ ጠጠር በመዳፉ የሚያስቀር ሰው መዳፉን ይክፈት፤ ሌላ ዘዴ የለውም። በየደቂቃው ስልኩን የሚያይ ዕጣው የዳኛ ጸሐፊ ይሁን፤ የተነገረውን ማንበብ ስላለበት ይሰማል። ደንብ ጠቃሹ ግን ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ አንቀጽ ሲጠቅስ የዋለ ሰው ማታም አንቀጽ ይጠቅሳል። እርሱን የምንይዘው ክርክሩን እስከ በረካ በማስተላለፍ ነው፤ ዳኛው ለጊዜው ይወስናል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ በረካ ሲቀዳ ይሟገታል። በዚያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ረስቶታል። ተነግሮት፣ ዳግመኛም ተነግሮት፣ ሰክሮ እየመጣ የሚሳደብ አንድ ሰው ግን «ከእንግዲህ ቅዳሜ አትምጣ» ተብሏል። ይህንንም ለመናገር ሦስት ሰዎች ሄደን ነው የነገርነው፤ የአንድ ሰው ጥላቻ እንዳይመስለው።

ረባሹ ዳኛው ራሱ የሆነ እንደ ሆነስ? ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግር ነው፤ ወንበሩን የያዘ ሰው ወዳጁን ሲጠቅም፣ ሌላውን ሲያቋርጥ፣ ሁሉም በይሉኝታ ዝም ይላልና። ለዚህ ያገኘነው ቀላል ነገር ነው። ዳኝነት ከአንድ ቅዳሜ በላይ በአንድ ሰው እጅ አይውልም፤ ዕጣው ደግሞ ቢደርሰው እንኳ ወረቀቱን መልሶ ይጥላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ባለፈው ሳምንት ዳኛ ስለ ነበረ፣ በዚህ ቅዳሜ ዕጣው ምስክር ወይም አህያ ነው።