ምድጃው ይዘጋ፤ ቤቱ ግን አይዘጋ

እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ቤቱ በጢስ ይሞላል። የእናት ዓይን ያለቅሳል። የታዘለው ሕፃን ያስላል። ይህን የማያውቅ የገጠር ሰው አለ? የለም።

ጢስ የሚጎዳው ዓይንን ብቻ አይደለም። ወደ ሳንባም ይገባል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ የቤት ውስጥ ጢስ ነው። ስለዚህ ጢስ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አይገባም። የልጆቻችን ሕይወት ጉዳይ ነው።

እንጨት ለመቆጠብና ጢስ ለመቀነስ ሲባል በ1980ዎቹ ዓመታት «ምርጥ» የተባለው ዝግ ምድጃ በአገራችን ተሠራ። ምድጃው 6 ክፍሎች አሉት። 4ቱ ሲገጣጠሙ ክብ ይሆናሉ፤ ምጣዱም በእነሱ ላይ ይቀመጣል። 2ቱ ደግሞ ከኋላ ይቆማሉ። ጢሱ የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። በእነሱም ላይ ድስት ይጣዳል። ከጢሱ ጋር የሚወጣው ሙቀት ውሃውን ያሞቀዋል። እንግዲህ በአንድ እሳት እንጀራም ሙቅ ውሃም ይገኛል ማለት ነው። ምድጃው በደንብ ከተገጠመ በ3 ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያተርፋል።

ታዲያ ዝግ ምድጃ ያለው ቤት ሁሉ ከጢስ ድኗል? አልዳነም። በምናስተምርበት መንደር አንዲት እናት ምድጃቸውን ሊያፈርሱ ተነስተው ነበር። «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ጉልቻዬን አስናፈቀኝ። ይጨሳል፤ ውሃውም አይሞቅልኝ» አሉን።

«እማማ፣ ከማፍረስዎ በፊት ጢሱ በየት በየት እንደሚወጣ አብረን እንየው» አልናቸው።

እሳቱ ተለኮሰ። ጢሱ ራሱ ብልሽቱን አሳየን። በምጣዱ ጠርዝ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ከኋላ ደግሞ ድስቱ የጢስ መውጫውን ግጥም አድርጎ ደፍኖታል። ጢሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ፊት ተመልሶ በምድጃው አፍ ይወጣል። ሙቀቱም አብሮት ይባክናል። ምድጃው ሲበርድ ክፍተቱን በጭቃ ደፈኑት። ድስቱንም በ3 ትንንሽ ድንጋዮች ከፍ አደረጉት። በሚቀጥለው ጋገራ ውሃው እጅ የማያስገባ ሆነ። ጢሱ ጨርሶ አልጠፋም። እማማ ግን ዓይናቸውን ሳይጠርጉ ጋግረው ጨረሱ።

እናንተም ምድጃችሁ ቢያስቸግራችሁ በተራ በተራ ፈትሹት፦

1ኛ. እሳቱን ለኩሱና ጢሱ የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ ተመልከቱ። ምድጃው ከበረደም በኋላ ጥላሸት የያዘው ስንጥቅ ቦታውን ያሳያችኋል።

2ኛ. ጢሱ በምጣዱ ጠርዝ ወይም በምድጃው መጋጠሚያ የሚወጣ ከሆነ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ መርጉበት። ምርጉ ሳይደርቅ እሳት አታንድዱ።

3ኛ. ጢሱ በምድጃው አፍ የሚመለስ ከሆነ የኋላውን መውጫ እዩ። ጥላሸት ወይም አመድ ዘግቶት እንደሆነ ጥረጉት። ድስቱ ደፍኖት እንደሆነ ከፍ አድርጉት።

4ኛ. እሳቱ ካልነደደ አመዱን ዛቁ። አየር ካልገባ እሳት አይነድም። እንጨቱንም ፍለጡትና አድርቁት። እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም። ብዙ እንጨት በአንድ ጊዜ መማገድም ጢስ ያበዛል።

5ኛ. ውሃው ካልሞቀ ድስቱን ክደኑት።

ሁሉን በአንድ ቀን አትነካኩ። አንዱን አስተካክሉና ሞክሩ። ካልሆነ ወደ ሌላው እለፉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ብልሽቱ የት እንደነበር ታውቃላችሁ።

አንድ ትልቅ ነገር አትርሱ። የሚዘጋው የምድጃው ስንጥቅ ነው። ቤቱ አይዘጋም! ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ከቤት የሚወጣበት መስኮት ወይም ቀዳዳ ይፈልጋል። ስትጋግሩ በሩንም ክፈቱት።

በተለይ በደጋ አገር ብርድ ሲበረታ ከሰል ወይም ፍም ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ይህ ሰው ይገድላል። ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያም የተኛውን ሰው እንደተኛ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ስሜት ከተሰማችሁ ሁላችሁም ፈጥናችሁ ከቤት ውጡ። የደከመውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ከሰል «ጢስ የለውም» ብላችሁ አትመኑት።

ይህን ያነበባችሁ ፊደል ላልቆጠረው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከዚያም ምድጃውን አብራችሁ ፈትሹ።

ጥያቄ፦
ሀ. ጢሱ በምድጃው አፍ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?
ለ. ፍም ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ለምን ይገድላል?
መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።