የማታዋ አንድ ሰዓት፦ የሠፈር ቅርጫት ኳስ በጅቡቲ ከተማ

ቅርጫት ኳስ ብርድ የወለደው ጨዋታ ነው። በታኅሣሥ 1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ማሠልጠኛ ተማሪዎች ከውርጩ የተነሳ ሜዳ መውጣት አልቻሉም። አዳራሽ ውስጥ ተዘግተው ሲሰላቹ ያየው መምህራቸው ጄምስ ኔይስሚዝ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በሰገነቱ ጠርዝ ላይ አሰቀለ፤ 13 ሕጎች ጽፎ ለጠፈ፤ 18ቱን ተማሪዎችም ለሁለት ከፍሎ አጫወታቸው። ጠርዙ ከወለሉ 3.05 ሜትር ገደማ ከፍ ይል ስለነበር ቀለበቱ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ እዚያው ከፍታ ላይ ቀርቷል። ማኅበሩን የእኛ ሰው «ወወክማ» ብሎ ነው የሚያውቀው፤ በንጉሡ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ወጣት ኳስ ወደ ቀለበት መወርወርን የለመደው በዚሁ ማኅበር ግቢ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ጨዋታውን የሚገዛው ሙቀት ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። በእነዚሁ ወራት ከምዕራብ በኩል ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። የሲሚንቶ ሜዳ ከረፋድ ጀምሮ የጠጣውን ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲተፋ፣ ስስ ሶል ያለው ጫማ ያደረገ ልጅ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ይቸግረዋል። በታኅሣሥና በጥር ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 28 እና 29 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያኔ ከተማዋ ሌላ ከተማ ትሆናለች፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሜዳ ይሄዳሉ።

በዚህች ከተማ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የልጆች ቅርጫት ኳስ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያድግ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ኳስ፣ ማልያና አሠልጣኝ ላይ ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ የሚያጥረው ግን ሰዓት ነው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የፀሐይ መግቢያ በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ በታኅሣሥ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በሐምሌ ደግሞ 12 ተኩልን ጥቂት አለፍ ትላለች። ሙቀቱ ረገብ ከሚልበት ጊዜ እስከ ጨለማው ድረስ በሞቃቱ ወራት የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ናት። በእሷ ላይ ደግሞ የመግሪብ ሶላት አለ።

ስሌቱን በአንድ ቀለበት እንየው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተው የሦስት ለሦስት ጨዋታ የሚፈልገው 15 ሜትር በ11 ሜትር የሆነ ሜዳና አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ግጥሚያው 10 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ 21 ነጥብ የገባለት ቡድን ከዚያም በፊት ይጨርሰዋል፤ ቡድኑ ኳስ በያዘ በ12 ሰከንድ ውስጥ መሞከር ስላለበትም የሚያንቀላፋ የለም። በሠፈር ሜዳ ሰዓቱ ሳይቆም 10 ደቂቃ ቢጫወቱ፣ ለመግባትና ለመውጣት 5 ደቂቃ ቢሰጥ፣ በአንድ ሰዓት አራት ግጥሚያ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን ከነተቀያሪው አራት ልጅ ቢይዝ በዚያች ሰዓት 32 ልጆች ይዳረሳሉ። ሁለተኛ ቀለበት ቢተከል 64 ይሆናሉ። ሁለተኛ ሰዓት ቢገኝም 64 ነው። ቀለበት ቦታ፣ ብረትና ብየዳ ይጠይቃል፤ ሰዓት የሚጠይቀው መብራት ነው።

እዚህ ላይ የጅቡቲ ቅርጫት ኳስ ከኢትዮጵያ ወንዞች ጋር ይገናኛል። ከድሬዳዋ በኩል የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ ከምትጠቀምበት ኃይል ብዙውን የሚልከው የኢትዮጵያ ግድብ ነው። በ2023 ደግሞ ጉቤት በተባለ ቦታ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመርቋል። ቢሆንም የመብራት ሂሳብ ለአንድ የሠፈር ማኅበር ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሞች ቀድሞ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ይፈልጋሉ፦ ትምህርት ቤት፣ ወይም በየሠፈሩ ያሉትን የማኅበረሰብ ልማት ማዕከላት። ማዕከሉ በሩን የሚዘጋበትን ሰዓት በሁለት ሰዓት ቢያራዝም ለልጆቹ ከአንድ ኮንቴይነር ኳስ የበለጠ ስጦታ ነው። ለጋሾች ግን ፎቶ የሚያምረው ኳሱ ስለሆነ ኳስ መስጠቱን ይመርጣሉ፤ የጥበቃ ሠራተኛን የማታ አበል ወይም የመብራት ሂሳብ ለመክፈል የሚጠይቅ ለጋሽ ብርቅ ነው። ይህ መለወጥ አለበት።

ደግሞም ሜዳው ላይ የሚቆመው ሰው አለ። በጅቡቲ የመንግሥት ቢሮ ማለዳ ተከፍቶ ከምሳ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይዘጋል፤ የሥራው ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። በዚያው ሰዓት ገደማ ከሐረርጌ የሚመጣው ጫት ከተማ ይገባል። ከዚያ እስከ ምሽት ያለው ጊዜ ለብዙ ወንዶች የበርጫ ነው፤ ወዳጅነት የሚታደስበት፣ ጉዳይ የሚያልቅበት፣ ዜና የሚሰማበት። እንግዲህ በ10 ሰዓት ኳስ በመረብ ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሄድ መምህር ወይም የወደብ ሠራተኛ ከዚህ ክበብ በየቀኑ ይቀራል ማለት ነው። ደመወዙን ሳይሆን ወዳጆቹን ነው የሚሰጠው። የበጎ ፈቃድ ሥራን በገንዘብ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ዋጋ አያየውም። በሌላ በኩል ከተማዋ ያላት ትልቁ ሀብትም ይኸው ነው፦ ከሰዓት በኋላው ነፃ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ወጣት በነበረበት ጊዜ ተጫውቶ የሚያውቅ ብዙ ሰው።

ዕቃው ቶሎ ያረጃል። የባሕሩ አየር ጨው ስላለበት ቀለበቱን የሚይዙት ብሎኖች ይዝጋሉ፣ የጥጥ መረብ ይነትባል፤ ስለዚህ ብልህ ፕሮግራም ቀለበቱን በየጊዜው ፍቆ ቀለም ይቀባዋል። ቆዳ የሚመስለው ውዱ ኳስ ለአዳራሽ የተሠራ ነው፤ በሻካራ ሲሚንቶ ላይ ቶሎ ልሙጥ ሆኖ ከእጅ ያመልጣል። ለደጅ የሚሆነው የጎማ ኳስ ነው። እሱም ቢሆን ጠዋት በልኩ ተነፍቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ማታ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ ልጁ ሲቀበለው ጣቱን ያመዋል፣ ሲያነጥረው ከትከሻው በላይ ይዘላል። ልምድ ያለው አሠልጣኝ ልምምድ ሊጀምር ሲል የመንፊያውን መርፌ በምራቁ አርሶ ይሰካና ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ለውኃም ማሰብ ግድ ነው። በዚህ ሙቀት ዕረፍት የሚሰጠው ልጆቹ ሲጠሙ ሳይሆን አስቀድሞ በሰዓት ተለክቶ ነው።

የልጆቹ ቁጥር ሲበዛ መጀመሪያ የሚመጣው ለውጥ ዕድሜን መለየት ነው። ለትናንሾቹ የሚሆነው ሚኒ ባስኬት ቀለበቱ በ2.60 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ኳሱም ቁጥር 5 ነው። ሴቶች በቁጥር 6፣ ወንዶች በቁጥር 7 ይጫወታሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ቁጥር 7 ኳስ ተሰጥቶት 3.05 ሜትር ላይ እንዲያስገባ ቢጠየቅ ኳሱን ከሆዱ ሥር በሁለት እጁ መወርወር ይለምዳል፤ ያንን ልማድ ኋላ ማስተው ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው ለውጥ ደብተር ነው፦ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን እናት ስልክ የት አለ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች የ10 ዓመቶቹን ማሠልጠን ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መሆኑ ይቀራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ለማየት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የሉዎል ዴንግን መንገድ መከተል ይበቃል። ዴንግ በ1985 በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ዋው ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ ግብፅ ሲገባ፣ እዚያ ያገኘው የአገሩ ሰው ማኑት ቦል ጨዋታውን አስተማረው። ለንደን ሲደርስ የተቀበለው ብሪክስተን ቶፕካትስ ነበር፤ አሠልጣኙ ጂሚ ሮጀርስ በ1980ዎቹ በብሪክስተን መዝናኛ ማዕከል ያቋቋሙት፣ የስደተኛና የድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚሰበሰቡበት የሠፈር ክለብ ነው። ዴንግ ከዚያ ተነስቶ በ2004 ወደ አሜሪካው የሙያተኞች ሊግ ኤን.ቢ.ኤ ገባ፤ በ2019 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ከራሱ ኪስ አወጣ። ጁባ ውስጥ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሳይኖር ያ ቡድን በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በአሜሪካ የተሸነፈው 101 ለ100 ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ደቡብ ሱዳን በረጃጅም ልጆቿ ነው የበለጠችው የሚል አለ። ቁመት ጁባ ውስጥ ድሮም ነበረ፤ የተጨመረው በሠፈር ክለብ ያደገና ያገኘውን መልሶ ያመጣ ሰው ነው።

ጅቡቲ ውስጥ ለሠፈር ፕሮግራም የሚቀርብ አንድ የሚያጓጓ አቋራጭ አለ። ከተማዋ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሠፈሮች መኖሪያ ናት። አሜሪካውያን ወታደሮች ቅርጫት ኳስ ይወዳሉ፤ ከአካባቢው ልጆች ጋር ለመጫወት የሚመጡም አሉ። ለልጆቹ ደስታ ነው፣ ጥሩም ነገር ነው። ነገር ግን ወታደር በወራት ውስጥ ይቀየራል። በእንግዳ ላይ የቆመ ፕሮግራም በየፈረቃው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የልጆቹን ስምና ጠባይ የሚያውቀው ሰው ሁልጊዜ አውሮፕላን ሊሳፈር የተቃረበ ነው። እንግዳውን ለግጥሚያ ቀን መጋበዝ፣ የሳምንቱን ልምምድ ግን ለሠፈሩ ሰው መተው ይሻላል።

ወደ ሌላ ሠፈር መስፋትም የራሱ ጣጣ አለው። ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች በ1966 ከተማዋን በሽቦ አጥር ከበቧት፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሕዝብ የሠፈረባት ባልባላ ዛሬ ከከተማዋ ነዋሪ ትልቁን ክፍል ይዛለች። በእሷና በነባሮቹ ሠፈሮች መካከል የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ይገኛል። የባልባላ ልጅ በ11 ሰዓት ከተማ መሀል ለመድረስ ሚኒባስ መክፈል፣ ሲመለስም በጨለማ መጓዝ አለበት። ስለዚህ አንድን ሜዳ እያተለቁ ልጆችን ከየአቅጣጫው ከመጥራት ይልቅ በየሠፈሩ ትንንሽ ሜዳ መክፈት ያዋጣል። ሕጉም ይረዳል፤ ከፈረንሳይ የተወረሰው የ1901 የማኅበራት ሕግ ስላለ ጥቂት ጎረቤታሞች ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው መመዝገብ ይችላሉ።

የሰዓቱ ጉዳይ በጣም የሚከብደው በሴቶች ልጆች ላይ ነው፤ ለእነሱ ግን ከሰዓቱም የሚቀድም ሌላ እንቅፋት ነበር። የሞቃዲሾ ሴቶች በጦርነቱ ዓመታት በተከለለ ግቢ ውስጥ እየተለማመዱ፣ ማስፈራሪያ እየደረሳቸው፣ በታኅሣሥ 2011 ዶሃ ላይ በተካሄደው የአረብ አገሮች ጨዋታ ለሶማሊያ ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ሕግ በመደበኛ ውድድሮቹ ላይ ራስን መሸፈን ይከለክል ነበር። ክልከላው የተነሳው ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው፤ መሸፈኛው ጥቁር፣ ነጭ ወይም ከማልያው ዋና ቀለም ጋር አንድ ዓይነት እስከሆነ፣ ፊትን እስካልሸፈነና አንገት አካባቢ የሚያያዝ ነገር እስከሌለው ድረስ ይፈቀዳል። ጅቡቲ ውስጥም በ2000ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ገርልስ ረን 2 የተሰኘ የሴቶች ልጆች የሩጫ ክለብ ስፖርቱን ከትምህርት ጋር አያይዞ አሳይቷል።

ሕጉ መንገዱን ከፍቷል፤ የቀረውን የሚወስነው የልምምድ መርሐ ግብሩ ነው። በብዙ ሜዳ ላይ ቀዝቃዛዋን የመጨረሻ የቀን ሰዓት ትልልቆቹ ወንዶች ይይዟታል፤ ለሴቶቹ የሚተርፈው ወይ ፀሐዩ ያልበረደበት 9 ሰዓት ነው፣ ወይ ወላጅ የማይፈቅደው ጨለማ። መብራት የገባበት ሜዳ ይህን መገልበጥ ይችላል። ከ10 ተኩል እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ለሴቶችና ለትናንሾቹ ይሁን፤ ወንዶቹ ከሶላት በኋላ በመብራት ይጫወቱ፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከተማው ሁሉ ሌሊት ስለሚነቃ የትልልቆቹ ውድድር ከተራዊህ ሶላት በኋላ ይዛወር። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የማዕከሉ ኃላፊ ፈቃድ፣ ቁልፍ የያዘ አንድ ጥበቃና ለትልልቆቹ ወንዶች ምክንያቱን በግልጽ የሚነግር አሠልጣኝ ነው።