ቀጠሮው የተላለፈው የፍርድ ቀን

በ1991 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታየው «ተርሚኔተር 2» ቀጣይ ክፍል እንዳይኖረው ሆኖ ያለቀ ፊልም ነው። ስካይኔት የተባለውና ወደፊት የሰውን ልጅ የሚያጠፋው የጦር ኮምፒውተር የሚፈለሰፍበት ቺፕ ቀልጦ በሚፈላ ብረት ውስጥ ተጥሏል፤ ከመጪው ዘመን የመጣው ጠባቂ ሮቦትም ተከትሎት ወርዷል። ጠላት የሚወለድበት ምክንያት ከጠፋ ጦርነት አይኖርም። ዳይሬክተሩ ጆናታን ሞስቶው በ2003 ሦስተኛውን ክፍል ሲሠራ የተረከበው ይህን የተዘጋ በር ነበር።

በሩ እንዴት እንደተከፈተ ለመረዳት ከ1984ቱ ፊልም መነሳት ያስፈልጋል። ጄምስ ካሜሮን በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሠራው በዚህ ፊልም ጊዜ ቀለበት ነው። ስካይኔት ዋና ባላጋራው ጆን ኮነር ገና እንዳይወለድ እናቱን ሣራን የሚገድል ሮቦት ከ2029 ወደ 1984 ይልካል። ሰዎችም እንዲያድናት ካይል ሪስ የተባለ ወታደር ይልካሉ። ሪስና ሣራ ይዋደዳሉ፤ ጆን ይፀነሳል። ስካይኔት ገዳዩን ባይልክ ኖሮ ሪስ አይመጣም፣ ጆንም አይወለድም ነበር። ያለፈውን ለመለወጥ የተደረገው ሙከራ ራሱ የዚያው ያለፈ ታሪክ አካል ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ክፍል ሕጉን ለወጠው። ኦገስት 29 ቀን 1997 ይፈነዳል የተባለው የኑክሌር እልቂት፣ በፊልሙ አጠራር «የፍርድ ቀን»፣ በሰው ጥረት ሊቀር ይችላል አለ። ሦስተኛው ክፍል በሁለቱ ሕጎች መካከል ያገኘው መውጫ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቀኑ ተላለፈ እንጂ አልቀረም።

ገዳዮቹን ብናስተያይ የተከታዩ ፊልም ችግር ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው ሮቦት ጠጣር ብረት ስለነበር በፋብሪካ መጭመቂያ ተጨፍልቆ ሞተ። የሁለተኛው ገዳይ፣ ቲ-1000፣ ፈሳሽ ብረት ነው። ቢበሱት ይገጥማል፣ ቢሰብሩት ተመልሶ ይጋጠማል፤ ስለዚህ አዲስ ዓይነት ፍርሃትና አዲስ ዓይነት አሟሟት አስፈለገው። በኮምፒውተር የተሠሩት የቲ-1000 ምስሎች ተደምረው ወደ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሆኑም ከዚያ በኋላ የመጣውን የፊልም አሠራር ቀይረዋል። የሦስተኛው ገዳይ ቲ-ኤክስ ከውስጥ ጠጣር አፅም፣ ከላይ ፈሳሽ ብረት ናት። ሌሎች ማሽኖችን ከሩቅ ማዘዝ መቻሏ አዲስ ነገር ነው፤ አካሏ ግን የሁለቱ ድምር ነው። ድምር ደግሞ ተመልካቹን አያስደነግጠውም፤ ሁለቱንም ከዚህ በፊት አይቷቸዋል።

በገንዘብም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጠባቂውን ሮቦት የተጫወተው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ለሦስተኛው ክፍል ብቻ የተከፈለው 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የመጀመሪያውን ፊልም ሙሉ ወጪ ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጣል። የፊልሙ ገንዘብ በግዙፉ የክሬን መኪና ማሳደድ ላይ በግልጽ ይታያል። ያልገዛው ሣራን ነው። ሊንዳ ሃሚልተን ስላልተመለሰች ገጸ ባሕርይዋ በደም ካንሰር ሞታለች ተብሎ ታለፈ። ከእሷ ጋር የታሪኩ ቁጣም ሄደ።

ፊልሙ የራሱ የሆነ ነገር የሚናገረው መጨረሻው ላይ ነው። ጆንና አብራው የምትሸሸው ኬት የስካይኔትን ማዕከል እናፈነዳለን ብለው ተራራ ውስጥ ወደተሠራ ምሽግ ይገባሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ለባለሥልጣናት መደበቂያ የተዘጋጀ አሮጌ ክፍል እንጂ ማሽን አይደለም። ስካይኔት ማዕከል የለውም። በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የተሰራጨ ሶፍትዌር ነው። በ1991 ጠላት አንድ ቺፕ ነበርና ሊቀልጥ ቻለ፤ በ2003 ግን በኔትወርክ የተበተነ ስለሆነ የሚመታ አካል የለውም። ጠባቂያቸው ሮቦትም ወደ ምሽጉ የላካቸው እንዲተርፉ ብቻ ነበር። ቦምቦቹ ይወነጨፋሉ፤ የ1984ቱ ቀለበት እንደገና ይገጥማል።

በእኔ ግምት ሦስተኛው ክፍል በድርጊቱ የቀደሙትን ይደግማል፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን እውነተኛ ተከታይ ነው። ዋጋው ግን የሁለተኛውን ድል መሻር ነበር። በ2019 ካሜሮን በፕሮዲዩሰርነት የተመለሰበት «ዳርክ ፌት» ሦስተኛውን ክፍል እንዳልነበረ ቆጥሮ በቀጥታ ከሁለተኛው ቀጠለ። እዚያም ስካይኔት እንደጠፋ ቀርቷል፤ በምትኩ የመጣው ሰው አጥፊ ማሽን ሌጊዮን ይባላል።