ስም ከሥራ በኋላ፦ የፋሽን መለያና የዝነኞች ማስተዋወቅ ከጅማ ሲታይ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ልብስ፣ አንድ ጫማ ወይም አንድ ስኒ ቡና በስሙ ምክንያት በውድ ሲሸጥ፣ ስሙ ያስገኘው ትርፍ የማን ነው? ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥተው ልብስ የሚነድፉ፣ ምርታቸውን በስልካቸው የሚያስተዋውቁ፣ አንድ ድምፃዊ ወይም ተዋናይ ልብሳቸውን እንዲለብስላቸው የሚመኙ ወጣቶች በከተማችን ብዙ ናቸው። መልሱ ለእነርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዘመናትን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆን፣ የአዋጅ ቁጥርን ግን እንደ ወጣበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እተወዋለሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ1878 እስከ 1932 በጅሬን የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር የተጸውዖ ስማቸው ቱሉ ነበር። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» እንደተባሉት ሁሉ፣ የፈረስ ስም ለአደባባይ የተሰጠ ስም ነው። በውስጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፦ ስሙን የሚያስከብር ሥራ፣ ሥራውን የሚሸከም ስም፣ ስሙን በየአደባባዩ የሚያሰማ ፎካሪና አዝማሪ። ሥራው ከሌለ ፎካሪው ቢጮህ ስሙ አይከብድም። ሥራው ኖሮ ስም ካልተሰጠው ደግሞ ሌላው የራሱን ስም ይለጥፍበታል። ሦስቱ ሲገጥሙ ስሙ ከባለቤቱ ዕድሜ ያልፋል። መንግሥቱ «ጅማ አባ ጅፋር» እየተባለ በታሪክ ይጠራል፤ በ2018 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያሸነፈው የከተማችን የእግር ኳስ ክለብም ይህንኑ ስም በማልያው ላይ ተሸክሟል።

የዛሬውን የፋሽን ገበያ በእነዚህ ሦስት ነገሮች መመርመር ይቻላል። የፎካሪውን ቦታ የያዘው ዝነኛው ሰው፣ ይልቁንም ፊቱ ነው። ስለዚህ ሥራ፣ ስምና ፊት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከፊት እንጀምር። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ በ2000 ለጉቺ ትርኢት በቶም ፎርድ ተመረጠች፤ በ2003 ደግሞ የኤስቴ ላውደር መዋቢያዎች መልክ ሆና ቀረበች። በእነዚህ ሥራዎች ፊቱ የእርሷ፣ ስሙ የሌላ ነበር፤ ውል ሲያበቃ ሞዴሏ ክፍያዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ስሙ ግን ከኩባንያው ጋር ይቀራል። በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ መለያ ስትመሠርት ግንኙነቱ ተለወጠ። ፊቱም ስሙም የእርሷ ሆነ፤ ሥራው የኢትዮጵያ ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ሆነ። ለመመሥረቷ የሰጠችው ምክንያት ሸማኔዎቹ ገበያ አጥተው ማየቷ ነበር። እዚህ ላይ ዝነኛነት ለሥራው በር ከፋች ሆኖ አገልግሏል። ሆኖም ልብሱን የለበሰች ገዢ የሞዴሏን ስም ስታውቅ የሸማኔውን አታውቅም። በሦስቱ መካከል ያለው ሚዛን ሁልጊዜ ፊትና ስም ወደያዘው ያጋድላል።

ያለ ዝነኛ ፊት ስም ማቆም ይቻላልን? ይቻላል። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው «ሶልሬብልስ» ምሳሌ ነው። መነሻው ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነው፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል። ድሀ የሚጫማው ተብሎ የተናቀውን ነገር፣ በእጅ ከተፈተለ የጥጥ ጨርቅ ጋር አዋሕዳ፣ የአሠራሩን ታሪክ ራሱን ማስተዋወቂያ አደረገችው። ገዢው የገዛው ጫማውን ብቻ ሳይሆን ጎማው ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሠራው የሚያስረዳውን ታሪክ ነው። የፈጠራ ማስተዋወቅ ማለት ይህ ነው፦ ያለውን እውነት ገዢው እንዲያየው አድርጎ ማቅረብ።

ተቃራኒው ምሳሌ ሥራ ኖሮ ስም የሌለበት ነው። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋነኛ ባለሀብት የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ነበር። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ጥናት በፓርኩ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አሳይቷል። በኅዳር 2021 ኩባንያው ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። የስፌት ችሎታው በሠራተኞቹ እጅ ቀረ፤ ልብሱን ውድ ያደረገው ስም ግን ከመጀመሪያውም ሐዋሳ ውስጥ አልነበረም። በ2018 የእኛም ፓርክ እዚህ ጅማ ሲመረቅ የተገባው ተስፋ ተመሳሳይ ነበር። ሥራ መፍጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን መርፌው የእኛ፣ በአንገቱ ላይ የሚሰፋው ስም የሌላ ከሆነ፣ ባለስሙ በሄደ ቀን መርፌው ሥራ ይፈታል።

ይህን ለጅማ ሰው ከልብስ ይልቅ ቡና ያስረዳዋል። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክርም በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ክርክሩ ስለ ፍሬው አልነበረም፤ ፍሬውን ሁሉም ይገዛ ነበር። ስለ ስሙ ነበር። በእነዚያ ሦስት ስሞች ውስጥ ግን ሊሙም ጅማም አልነበሩም። የጅማ ስም በዓለም ገበያ ሲነገር የኖረው በአብዛኛው «ጅማ 5» በሚባለው ያልታጠበና ዝቅተኛ ደረጃ ባለው ቡና ነው። ስም አለን ማለት ነው፤ ስሙ የሚናገረው ግን ርካሽነትን ነው።

ይህ ሊለወጥ እንደሚችል አጋሮ አሳይታናለች። በጎማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ቀይ እሸት ለቅመው በማጠቢያ ጣቢያ ማዘጋጀት ሲጀምሩ፣ ጀንፈል ሆኖ በርካሽ ይሸጥ የነበረው የዚያው አካባቢ ቡና ሌላ ቡና ሆነ። «ዱሮሚና» የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። የማኅበሩ ስም በውጭ አገር ቡና ቆይዎች ከረጢት ላይ መጻፍ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ አለቃቀሙና አጠባበቁ ተለወጠ፣ ቀጥሎ ዳኞች መሰከሩ፣ በመጨረሻ ስሙ ተሸጠ።

«ዝነኛ ያለበሰ ሰው በአንድ ሌሊት መቶ ልብስ ይሸጣል፤ ጥራት እስኪመጣ ለምን እንጠብቅ?» የሚለኝ ተማሪ ይኖራል። እውነት አለው፤ የመጀመሪያውን ልብስ ፊት ይሸጠዋል። ሁለተኛውን የሚሸጠው ግን የመጀመሪያው ልብስ ነው። ቀለሙ በአንድ እጥበት ከለቀቀ፣ ዝነኛው ያመጣው ሰው ሁሉ የጥፋቱ ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ መስክ ለምትሰማሩ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ስማችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክቱ ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው፤ ገበያ ላይ ቀድሞ መታየት ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ሁለተኛ፣ ምዝገባ ስምን እንጂ የጋራ ቅርስን እንደማያስከብር እወቁ። የጥበብ ጥለት፣ የኦዳ ምስል፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ የሁሉም ናቸው፤ በፋብሪካ የታተመ አስመሳይ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላ ሊለያችሁ የሚችለው የእጃችሁ ጥራትና ስማችሁ ነው። ሦስተኛ፣ ከዝነኛ ሰው ጋር ስትዋዋሉ ፎቶግራፉ ለምን ያህል ጊዜ፣ የት እንደሚያገለግል፣ የሠሪውም ስም አብሮ እንደሚጠቀስ በጽሑፍ አስፍሩ። አለባበሱን ያዘጋጀውም፣ ጨርቁን የሸመነውም ስም አላቸው።

ጅማ የጎደላት ሥራም ታሪክም አይደለም። የጎደላት ሥራዋ ላይ የራሷን ስም የሚጽፍ፣ የጻፈውንም በሕግ የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን ማስተማር የፋኩልቲያችን ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።