የዶሮ ጩኸትና የጎረቤት ሰላም

በሰሙነ ሕማማት መገባደጃ ወደ ብዙው ቤት የሚገባ አንድ እንግዳ አለ። ይኸውም ለፋሲካ ወጥ የታሰበው አውራ ዶሮ ነው። በዋዜማው ገበያው እንዳይወደድብን በመስጋት ብዙዎቻችን ከቀናት አስቀድመን እንገዛዋለን። እርሱም እግሩ በሲባጎ ታስሮ፣ ጥሬ ተበትኖለት ይውላል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን ድምፁን ያሰማል። በሰፊ ግቢ ይህ ድምፅ የማለዳ ደወል ነው። ቤተሰብ ከቤተሰብ በአንድ ግድግዳ ብቻ በሚለያይበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ግን አራስዋን፣ ሕመምተኛውንና ከሌሊት ሥራ የተመለሰውን ሰው ዕረፍት ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ይቅርታ በሚሰበክበት ሳምንት ጎረቤታሞች ሲኳረፉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የዶሮ ጩኸት በሃይማኖታችን ትልቅ ስፍራ አለው። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ በካደ ጊዜ ዶሮ መጮኹን አራቱም ወንጌላውያን ጽፈዋል፤ ያ ድምፅ ሐዋርያውን በዕንባ ወደ ንስሓ መለሰው። ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ባይቆጠርም፣ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ ደግሞ ተሠርቶ በማዕድ የቀረበ ዶሮ በጌታ ቃል ሕያው ሆኖ እንደ ተነሣ፣ የይሁዳንም ምክር ተከታትሎ እንደ ተናገረ ይተርካል። እንግዲህ ዶሮ ቀስቃሽ ፍጥረት ነው፤ በመጮኹ ልንቆጣው አይገባም።

ለምን እንደሚጮህም ሊቃውንት መርምረዋል። የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስታወቁት፣ አውራ ዶሮ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢኖርም እንኳ ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል። ጊዜን የሚቆጥርለት በሰውነቱ ውስጥ ያለ ተፈጥሯዊ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ብርሃንና የሌላ ዶሮ ድምፅም ያነሣሡታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ገለጹት፣ አውራ ዶሮዎች በአንድነት ሲኖሩ በቅድሚያ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ በየማዕረጋቸው ይከተላሉ። ስለዚህም ሁለት አውራ ዶሮ ያስገባ ቤት ጩኸቱን በእጥፍ እንደ ገዛ ይቁጠረው።

የቤልጅየም ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 የድምፁ ኃይል በራሱ በዶሮው ጆሮ አጠገብ ከ130 ዴሲቤል እንደሚበልጥ ለክተዋል። መንቁሩን አስፍቶ ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ስለሚጠብ የገዛ ድምፁ አይጎዳውም። በዚህ ነገር ባለቤቱም ዶሮውን ይመስላል። የራሱን ቤት ጩኸት ለምዶት ይተኛል፤ የሚነቃው ጎረቤት ነው።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰበት አገርም አለ። በፈረንሳይ ኦሌሮን በተባለችው ደሴት ሞሪስ የሚሉት አውራ ዶሮ በጩኸቱ ምክንያት ተከስሶ፣ የሮሽፎር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 2019 ለዶሮው ፈረደለት። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ደግሞ የገጠር ድምፅና ሽታ ቅርስ ነው የሚል ሕግ ጸደቀ። ዳሩ ግን ፍርድ ባለመብቱን ይለያል እንጂ የተቀያየሙትን ልብ አያስታርቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚሻለው፣ አቅምና ጊዜ የፈቀደለት ሰው ዶሮውን በዋዜማው ቢገዛ ነው። አስቀድሞ የገዛ ግን በረንዳ ላይ አያሳድረው፤ ከጎረቤት ግድግዳ ርቆ፣ ሌላ አውራ ዶሮ በማያይበትና በማይሰማበት ጥግ ያኑረው። ዶሮ ሲጮህ አንገቱን ወደ ላይ ይመዝዛል። ስለዚህ ለሌሊቱ ብቻ፣ ተመቻችቶ የሚቀመጥበት ነገር ግን አንገቱን ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋበት፣ ጨለማ ያለውና አየር የሚያስገባ ሣጥን ማዘጋጀት ይጠቅማል። ከታቹ ጭድ ይነጠፍለት፤ ሲነጋም ወጥቶ ውኃና ጥሬ ያግኝ። ይህ ጩኸቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ተፈጥሯዊው ሰዓት በጨለማም ይቆጥራልና።

መንቁሩን ማሰር ግን ጭካኔ ነው። ዶሮ ላብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያበርደው አፉን ከፍቶ በመተንፈስ ነው፤ መንቁሩ ከታሰረ ይታፈናል። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፍ ያስተምረናል፤ ለእርድ የቀረበ ነውና ይሠቃይ አይባልም።

ከሣጥኑ በፊት ግን የጎረቤትን ደጅ ማንኳኳት ይቀድማል። «ለበዓሉ ዶሮ አስገብተናል፤ ሌሊት ቢረብሻችሁ ይቅር በሉን» የምትል ቃል ብዙ ቅሬታ ታበርዳለች። እንቅልፍ ያጣውም ወገን ለሕንፃው ኮሚቴ ከመክሰሱ አስቀድሞ በለሆሳስ ያነጋግር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌሊት ሕመም ቢነሣ ደርሶ በር የሚከፍት እርሱ ነውና።

ጌታችን መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት እንደ ሆነ በቅድሚያ ሄዶ እንዲታረቅ አዝዟል። የፋሲካውም ማዕድ የሚጣፍጠው በዚሁ ሥርዓት ነው። በዶሮው ጩኸት የተቀያየማችሁ ጎረቤታሞች ብትኖሩ፣ ጾሙ ሲፈታ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተገናኙ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።